የእንጨት ስንጣሪ ሥዕል ከበር ለምን ይመለሳል?

ባለፈው ወር በማኅበራችን አዳራሽ የተደረገውን የተማሪዎች የሥዕል ትርዒት ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው ብለን እንገምታለን። አርባ ያህል ሥዕሎች ተሰቅለው ነበር። የዘይት ቀለም፣ የውሃ ቀለም፣ የከሰል ንድፍ፣ በመጨረሻው ግድግዳም ላይ ጥቂት ፎቶግራፎች ነበሩበት። መምህራኖቻችንም መጥተው አይተውልናል፤ አንዳንዶቹም ወዳጆቻቸውን ይዘው ሁለተኛ ጊዜ ተመልሰዋል። ስለዚህ ትርዒቱ በጠቅላላው መልካም ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ውድ አንባብያን ያላያችሁት አንድ ሥዕል አለ፤ ይኸውም ከበር የተመለሰው ነው።

ሥዕሉ ቁመቱ ሁለት ስንዝር፣ ወርዱ ሦስት ስንዝር ያህል ይሆናል። በአሮጌው የፒያሳ ሠፈር የነበረ አንድ የጭቃ ቤት ያሳያል፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨት በረንዳ፣ ሦስት ደረጃ፣ ገርበብ ያለ በር። በሥዕሉ ላይ አንዲት ጠብታ ቀለም የለችም። ጣሪያውም፣ ግድግዳውም፣ በበረንዳው ሥር ያለው ጥላም ሳይቀር ከቀጫጭን የእንጨት ስንጣሪ ተቈርጦ ተገጣጥሞ በኮላ የተለጠፈ ነው። ይህን የሠራው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ነው። ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም፤ እኛም ፈቃዱን እናከብራለን። ቤቱ አያቱ ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩበት ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ አሮጌ ቤቶች በልማት ምክንያት ሲፈርሱ ይህም ቤት አብሮ ፈረሰ። እንጨቱ በክምር ተደርጎ ለማገዶ ሲሸጥ ጓደኛችን ከገዢው ላይ አንድ ሸክም መልሶ ገዛ። የገዛ አያቱን ቤት ማገር በገንዘቡ ገዝቶ በታክሲ ጭኖ ወደ መኝታ ክፍላችን ሲያመጣው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁላችንም አእምሮው ነካ እንዳደረገው ቈጥረን ነበር።

ይህ ሥዕል ለትርዒቱ በቀረበ ጊዜ አዘጋጆቹ አገላብጠው አዩትና «ይህ የእጅ ሥራ ነው እንጂ ሥዕል አይደለም፤ ለባዛሩ ቀን ይቀመጥ» ብለው መለሱት። ባዛር ማለት እንግዲህ የቁልፍ መያዣና የአንገት ሐብል የሚሸጥበት ቀን ነው። ጓደኛችን ምንም ሳይመልስ ሥዕሉን በጋቢው ጠቅልሎ ሄደ። እኛ ግን ዝም ማለት አልቻልንም። አዘጋጆቹ ወንድሞቻችን ናቸው፤ በክፉ ልብ ያደረጉት ነው አንልም። የሰጡት ምክንያት ግን የእነርሱ ብቻ አይደለም፤ የብዙዎቻችን ነው። ብዙ ሰው የያዘው አስተሳሰብ ደግሞ ሳይመረመር ሲያልፍ ሕግ ሆኖ ይቀራልና በዚህ ጋዜጣችን ልንመረምረው ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ነገሩ ምንነት። ከቀጭን እንጨት ሥዕል መሥራት ጓደኛችን የፈለሰፈው ነገር አይደለም። አሜሪካን አገር በቀድሞ ዘመን የቤት ግድግዳ የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ በቋሚዎቹ ላይ ውፍረቱ ግማሽ ጣት፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ቀጭን የእንጨት ዝርግ ጥቂት ጥቂት ክፍተት እየተተወለት በአግድም ይመታል፤ ከዚያ ላይ የኖራ ልስን ይለሰናል። ልስኑ በክፍተቱ ገብቶ ከኋላ ይነክሳል። ይህን ያነበበ የአገራችን ሰው «ታዲያ ይህ ማገርና ምርጊት አይደለምን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በእውነትም ነው። ልዩነቱ እነርሱ በሚስማር ሲመቱት እኛ በልጥ ማሰራችን፤ እነርሱ በኖራ ሲለስኑት እኛ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ መምረጋችን ነው። በኋላ በፋብሪካ የሚሠራ የጂፕሰም ሰሌዳ መጣና፣ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ ያ አሠራር ቀረ። አሮጌዎቹ ቤቶች ሲፈርሱ ከግድግዳቸው የሚወጣውን ዝርግ አንዳንድ ሰዎች ሰብስበው የተራራ፣ የጎተራ፣ የእርሻ ቤትና የከዋክብት ቅርጽ ያለው ሥዕል ይሠሩበት ጀመር። ከእነዚህ ብዙዎቹ በሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ያላለፉ ሰዎች ናቸው። ደግሞም ቀለም አይቀቡትም፤ እንጨቱ በዕድሜ ብዛት ያገኘውን ግራጫና ቡናማ መልክ ነው የሚጠቀሙበት።

ጓደኛችን ይህን አሠራር ሲያነብ የገረመው እዚህ ላይ ነው። ከአያቱ ማድ ቤት የወጣው ማገር ዘመኑን ሙሉ ጢስ ጠጥቶ እንደ ሬት ጠቍሯል። ከዋናው ቤት የወጣው ጽድ ደግሞ በጭቃ ውስጥ ተሸፍኖ ስለኖረ ቀይነቱን አልለቀቀም። የበረንዳው መደገፊያ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ከርሞ አመድ መስሏል። እንግዲህ ሦስቱ ቀለማት ቤቱ ራሱ ለብዙ ዓመታት ሲበጠብጣቸው የኖሩ ናቸው። የበረንዳው ጥላ በሥዕሉ ላይ የተሠራው ከማድ ቤቱ ማገር ነው፤ አያቱ እንጀራ የጋገሩበት፣ ቡና የቈሉበት ጢስ ነው በዚያ የተቀመጠው። ይህን በቀለም ቱቦ የሚያገኝ ሰው ካለ ያሳየን። ብቻ አንድ ችግር አለው፤ ጥቀርሻው የሚዘልቀው ከላይ ለጥቂት ብቻ ስለሆነ አንድ ጊዜ በመላጊያ ከተላገ ከሥሩ ተራ እንጨት ይወጣል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹ ስድስት ስንጣሪዎች ተበላሽተዋል።

ሥራው ቀላል የሚመስለው ሰው ይኖራልና ጥቂት እናብራራ። በመጀመሪያ ሥዕሉ በወረቀት ላይ በእርሳስ ይነደፋል። ከዚያ ወረቀቱ ክፍል ክፍል ሆኖ ቍጥር ይሰጠዋል፤ እያንዳንዱም ክፍል የሚስማማው እንጨት ይመረጥለታል። እንጨቱ ከሦስት እስከ አራት ሚሊሜትር ውፍረት ድረስ ተሰንጥቆ በሰጌቶ ይቈረጣል፤ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል። በኮምፔንሳቶ ላይ ያለ ኮላ ይገጠማል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መቍረጥ ነው። የተስማማ እንደ ሆነ ተለጥፎ ከባድ ነገር ይጫንበታል። በዚህ ረገድ የሒሳብ መጻሕፍታችን ከፈተና ጊዜ ይልቅ ትልቅ አገልግሎት ሰጥተውናል።

የመጀመሪያው ሥዕላችን (ከዚህ በፊት አራት ሆነን የሠራነው አንድ ነበረን) በሳምንቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ተቈለመመ። ምክንያቱን ስላላወቅን ኮላውን ወቀስን፤ ሻጩንም ሳንወቅስ አልቀረንም። የምሕንድስና መምህር የሆኑ አንድ ሰው ግን ሥዕሉን አይተው ስቀው ነገሩን አስረዱን። እንጨት ሲደርቅ የሚኮማተረው በወርዱ ነው፤ በቁመቱ የሚኮማተረው እጅግ ጥቂት ነው። እኛ የተጠቀምንበት ባሕር ዛፍ ገና እርጥብ ነበረ፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ መኮማተርና መሰንጠቅ የሚያበዛ እንጨት ነው። ያን ያህል ኃይል በአንድ ወገን ብቻ ሲስብ ኮምፔንሳቶው ምን ያድርግ? ስለዚህ አንደኛ እንጨቱ በደንብ የደረቀ መሆን አለበት፤ ሁለተኛም በጀርባው በኩል እንዲሁ ስስ እንጨት ተለጥፎ ሁለቱ ወገኖች እኩል እንዲሳሳቡ ይደረጋል። የፈረሰ ቤት እንጨት ለዚህ ሥራ የተመረጠበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ መድረቅ ያለበትን ያህል ደርቋል፤ መጣመም የነበረበትም ቀድሞ ተጣሟል። በአንድ ዓመት የትምህርት ጊዜ ውስጥ ስለ እንጨት ያልገባን ነገር በአንድ የተቈለመመ ሥዕል ገባን ማለት ነው።

ሌላም ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። ከአንድ ጣውላ የወጡ ሁለት ስንጣሪዎች አንዱ በቁም፣ ሁለተኛው በአግድም ቢለጠፉ የተለያየ እንጨት ይመስላሉ። የእንጨቱ ጅማት ብርሃኑን በተለያየ አቅጣጫ ስለሚመልሰው አንዱ ሲበራ ሌላው ይደበዝዛል፤ ተመልካቹ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ቢሄድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ጓደኛችን ሰማዩን የሠራው ከአንድ ዓይነት ዝግባ ብቻ ነው፤ ደመናውን የለየው ጅማቱን በማዞር ነው። ሥዕሉ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ጥላ ማለስለስ ሲያስፈልግም በብረት ምጣድ ላይ አሸዋ ይግላል፤ የስንጣሪው ጠርዝ በጋለው አሸዋ ውስጥ ለጥቂት ሴኮንድ ይነከራል። ወደ አሸዋው ጠልቆ የገባው ይበልጥ ይጠቍራል፤ ከላይ ያለው ብስል ቡና ይመስላል። ትንሽ ከቈየ ግን ከሰል ነው። ይህ ዘዴ በአውሮፓ የእንጨት ጠቢባን ዘንድ ብዙ ዘመን የቈየ ነው፤ እኛ ግን የተማርነው በቡና መቍያ ነው።

አውሮፓን ካነሣን ዘንድ፣ «ከእንጨት የተሠራ ሥዕል አይደለም» የሚል ሰው በ15ኛው መቶ ዓመት ስለተሠራው የኡርቢኖ መስፍን ስለ ፌዴሪጎ ዳ ሞንቴፌልትሮ የጥናት ክፍል ምን እንደሚል ልናውቅ እንወዳለን። ያች ጠባብ ክፍል ግድግዳዋ በመጻሕፍት፣ በበገናና በመሰንቆ ዓይነት ዕቃዎች፣ በጦር ልብስና በተከፈቱ ቁም ሣጥኖች የተሞላ ይመስላል። አንዱም ግን በእውነት የለም፤ ሁሉም ልዩ ልዩ መልክ ካላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ተገጣጥሞ የተሠራ የዓይን ማታለያ ነው። ለዚሁ መስፍን በጉቢዮ ቤተ መንግሥቱ የተሠራለት ሁለተኛው ክፍል በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል፤ ሙዚየሙም የገዛው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። የሥዕል ሙዚየም መሆኑን ልብ ይሏል፤ ባዛር አይደለም።

እርግጥ መስፍኑ ባለጸጋ ነበሩ፤ እኛ የምናወራው ስለ ሕዝብ ሥራ ነው የሚል ካለ ደግሞ ወደ ጃፓን እንሂድ። ሃኮኔ በሚባለው ተራራማ አገር ልዩ ልዩ የተፈጥሮ መልክ ያላቸው እንጨቶች በቀጭኑ እየተሰነጠቁ በኮላ ተጣብቀው አንድ ወፍራም ግንድ ይሆናሉ። ያ ግንድ በመላጊያ ሲላግ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ባለ ብዙ ቅርጽ ልባጥ ይወጣል፤ ይህም በሣጥንና በመሳቢያ ላይ ይለጠፋል። የዛፎቹ ብዛት ትልቅ ስለሆነ ነጩም፣ ቢጫውም፣ ጥቍሩም፣ አረንጓዴው እንኳ ሳይቀር ያለ ቀለም የተፈጥሮ ነው። ሥራውን በ19ኛው መቶ ዓመት የጀመረው ኢሺካዋ ኒሄይ የሚባል በሃታጁኩ መንደር የሚኖር ሠራተኛ ነው ይባላል። ገዢዎቹም በታላቁ መንገድ የሚያልፉ መንገደኞች ነበሩ፤ ማለትም ያን ጊዜ ነገሩ በሙሉ የመንገድ ዳር ንግድ ነበር። የጃፓን መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ1984 ከአገሪቱ ባህላዊ የእጅ ጥበቦች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። የበለጠ እኛን የሚመለከት ነገር አለ። በየዓመቱ በጥር መጀመሪያ የጃፓን የዩኒቬርሲቲ ተማሪዎች ከቶክዮ እስከ ሃኮኔ ደርሰው የሚመለሱበት፣ እ.ኤ.አ. በ1920 የተጀመረ የሁለት ቀን የቅብብል ሩጫ አለ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ሃኮኔ ቀድሞ የገባው ዩኒቬርሲቲ የሚሸለመው ዋንጫ በዚሁ የእንጨት ጥበብ የተሠራ ነው። እዚያ ተማሪዎች ስንጣሪ እንጨት ለመሸለም ተራራ ይወጣሉ፤ እዚህ ስንጣሪ እንጨት ይዞ የመጣ ተማሪ ከበር ይመለሳል።

የውጭ አገር ምሳሌ ስላበዛን አንባቢ ይቅር ይበለን። የሰው አገር ሲያከብረው ካላየን የራሳችንን አለማክበር የቈየ ሕመማችን ስለሆነ ነው። በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በእንጨት ገበታዎች የተቀረጹትን እንስሳት የሠራው ሰው በዘመኑ ምን ይባል ነበር? በላስታ የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን በእንጨትና በድንጋይ ንብብር ያቆመውስ? ሥራቸውን ስናይ እንደነቃለን፤ ጎብኚ ሲመጣም በኩራት እናሳያለን። ነገር ግን እጃቸውን ብናገኘው ኖሮ ሳንጨብጠው እናልፍ ይሆናል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አሳውጀው ነበር። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን የሚያዋርደው ስድብ በአዋጅ እስኪከለከል ድረስ የበረታ ነበር ማለት ነው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ስድቡ ግን ልብሱን ለወጠ እንጂ አልሞተም፤ ዛሬ «ይህ የእጅ ሥራ ነው» ተብሎ በትሕትና ይነገራል።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ይህን ሥራ በጋራ ከያዝነው ውስጥ የአንዳችን አባት አናጺ ናቸው። ይህ ጓደኛችን እስከ ሁለተኛ ዓመት ድረስ አባቱ ምን እንደሚሠሩ ስንጠይቀው «መንግሥት ቤት ነው የሚሠራው» እያለ ሲመልስልን ኖሯል። በሁለተኛው ሴሚስተር የመጋዙ ጥርስ አልቈርጥ ብሎን አምስት ሆነን ስንታገል፣ ቀና ብሎ ሳያየን «አባቴን ልጥራው?» አለን። በቅዳሜው መጡ። ካፖርታቸውን አውልቀው አጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡ፤ መጋዙን በሞርሳ አስረው አንድ በአንድ ሞረዱት። ከዚያም ስንቈርጥ ቆመው አዩና «ልጆቼ፣ አትግፉት። መጋዝ ራሱ ይሄዳል፤ እናንተ መንገዱን ብቻ አሳዩት» አሉን። የፈረሰውን ቤት እንጨት በጥፍራቸው ጫር አድርገው፣ አሽትተው «ይሄ የጥንት ጽድ ነው፤ አሁን ይህን ከየት ታገኙታላችሁ» አሉ። ሲሄዱ ልጃቸው እስከ ዋናው በር ሸኛቸው። እኛም ከሩቅ ስንመለከት መሣሪያ የያዘውን ከረጢት እርሱ ተሸክሞት ነበር። ከዚያ ወዲህ «መንግሥት ቤት» የሚለውን ቃል ከአፉ አልሰማነውም።

ጓደኛችን አባቱን የደበቀው ለምን ይመስላችኋል? አባቱ የሚያሳፍሩ ሰው ሆነው አይደለም፤ ደመወዝም አንሶአቸው አይደለም፤ በዛሬ ጊዜ ደኅና አናጺ ከብዙ ባለ ዲግሪ ይሻላል። የደበቀው እኛን ፈርቶ ነው። «ዲግሪ ይዘህ አናጺ ልትሆን ነው እንዴ?» የሚለውን ቀልድ በመኝታ ክፍል የምንቀልደው እኛው ነን። የትርዒቱ አዘጋጆች የተናገሩትን ቃል ስንሰማ የተናደድነው ከእኛው አፍ የወጣ ስለ መሰለንም ጭምር ነው።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ወገን ያለውን እውነት መካድ አይገባም። አንድ መምህራችን እንዲህ አሉን፤ «የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ሱቆችን ተመልከቱ። ከሙዝ ቅጠል የተሠራ ጀበና፣ ከሙዝ ቅጠል የተሠራ ሣር ቤት፣ እንስራ ያዘለች ሴት፤ አንዱን ያየ ሁሉን አይቷል። ይህን ሁሉ ሥዕል ነው ብለን እንስቀለው?» አባባላቸው ትክክል ነው። ከእንጨት ስንጣሪም ቢሆን እንዲሁ ያለ ነገር መሥራት ይቻላል፤ እንዲያውም ይቀላል፤ እንጨት ቀጥታ መስመር ስለሚወድ ጎጆና መስቀል ቶሎ ይወጣለታል። እኛም የሠራነው ያ የተቈለመመው ሥዕል (አሁን ብንናገረው አናፍርም) ጀበና ነበር። መቈለመሙ ሳይበጀው አልቀረም። ነገር ግን መምህራችን ያቀረቡት ነቀፋ የሚነቅፈው ሳያስቡ መድገምን ነው እንጂ እንጨቱን አይደለም። በትርዒታችን ከተሰቀሉት የዘይት ቀለም ሥዕሎች ውስጥ ጀምበር ስትጠልቅ የሚያሳዩ ስድስት ነበሩ፤ ስድስቱም እኅትማማች ነበሩ። ማንም «ለባዛር ይቀመጡ» አላላቸውም፤ ዘይት ስለሆኑ ነዋ!

«ታዲያ ነገ መሶብ ይዞ የሚመጣስ?» ብለው የጠየቁንም አሉ። ጥያቄው ለማሳቅ የቀረበ ነበረ፤ እኛ ግን ሳንስቅ እንመልስ። አንዲት ሴት በሰንደዶና በአክርማ የምትሰፋው መሶብ ቅርጹ በሐሳቧ ውስጥ ነው ያለው፤ ቀለሙ የሚለወጥበትን ዙር በልቧ እየቈጠረች ትሄዳለች፤ አንድ ብትስት በሚቀጥለው ዙር ይጋለጣል። ይህ ለእኛ ከብዙ ንድፍ የሚበልጥ ንድፍ ነው። መሶቡ ይምጣና ይታይ፤ ደካማ ከሆነ እንደ ማንኛውም ደካማ ሥዕል ይመለስ። እኛ የምንቃወመው ገና ሳይታይ፣ ከምን እንደተሠራ ብቻ ተጠይቆ መመለሱን ነው። ፍርዱ በሥራው ላይ ይሁን፤ በዕቃው ላይ አይሁን።

ስለ ዕቃው ከተነሣ አንድ ነገር ማስጠንቀቅ ይገባናል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ጽድ ፍለጋ ወደ ተራራ የሚወጣ ተማሪ እንዲኖር አንፈልግም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ጽድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቍረጥን የከለከለው እነዚህ ዛፎች እየጠፉ ስለሆኑ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባን ከቈረቈሩ በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ፣ በቦታው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣው ባሕር ዛፍ እንደ ተተከለ ሁላችንም ተምረናል። እንግዲህ በአሮጌዎቹ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ ያለው ጽድና ወይራ፣ በአጭሩ፣ ያ የጠፋው ደን ነው። ዛሬ ቤቶቹ ሲፈርሱ ደኑ ሁለተኛ ጊዜ እየነደደ ነው። ከእያንዳንዱ የፈረሰ ቤት አንድ ሸክም እንጨት እንኳ ቢተርፍ፣ ሥዕል ይሁን ሌላ፣ ስለዚያ ሠፈር የሚናገር አንድ ነገር በእጃችን ይቀራል። ፎቶግራፍ አለ የሚል ይኖራል። ፎቶግራፍ ቤቱን ያሳያል፤ የጓደኛችን ሥዕል ግን ከቤቱ ራሱ የተቈረጠ ነው። አያቱ አሁን በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። ሥዕሉን ባሳያቸው ጊዜ መጀመሪያ ያደረጉት ማሽተት ነበር።

እንግዲህ የምንለምነው ብዙ አይደለም። የማኅበራችን የሥዕል ኮሚቴ ለሚቀጥለው ትርዒት በሚያወጣው ማስታወቂያ ላይ «በዘይት፣ በውሃ ቀለም ወይም በከሰል የተሠራ» የሚለውን ሐረግ ቢሰርዘው በቂ ነው፤ አንድ መስመር መሰረዝ ገንዘብ አያስወጣም። ከሥዕል ዳኞቹም መካከል አንድ የምሕንድስና መምህርና ከተቻለ አንድ አናጺ ቢጨመር መልካም ይመስለናል፤ የዘይት ቀለም የሚያውቅ ሰው ስለ ዘይት ቀለም እንደሚፈርድ ሁሉ ስለ መጋጠሚያ የሚያውቅ ሰው ስለ መጋጠሚያ ይፍረድ። ከአዳራሹ በስተጀርባ ያለው የተሰባበሩ ወንበሮች የተከመሩበት ዕቃ ቤት ደግሞ ለእኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ቢከፈትልን ወንበሮቹን በነጻ እንጠግናለን። ሠላሳ አንድ ወንበሮች ናቸው፤ ቈጥረናቸዋል። ሊጠገኑ የማይችሉት ሰባት ናቸው፤ የእነዚህ ሰባቱ መቀመጫ ግን ጥሩ ዋንዛ ስለሆነ እንዲሰጡን በዚሁ አጋጣሚ እናመለክታለን።

ዕቃ ቤቱ እስኪፈቀድልን ድረስ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በወንዶች መኝታ ሕንፃ ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ እንገኛለን። እኅቶቻችንም በነጻነት መምጣት ይችላሉ፤ ሁለቱ ከአሁኑ ጀምረዋል፤ ከእኛም ይልቅ ቀጥ አድርገው ይቈርጣሉ። መጋዝ አለን፤ የሚያንሰን ብርጭቆ ወረቀትና ሁለት ሞርሳ ነው። የአሮጌ ቤት እንጨት ያለው ሰው ቢያመጣልን እናመሰግናለን፤ ብቻ ሚስማሩን አስቀድሞ ይንቀል፤ የመጋዙን ጥርስ ያሞረድነው ገና በቅርቡ ነው።